ከባልጩት እስከ ረሚንግተን፦ አሮጌ የጦር መሣሪያን በምን አለሽ ተራ እንደ ታሪክ ማስረጃ ማንበብ

አጽሕሮተ ጥናት

በአሜሪካ የባልጩት ሽጉጥ ሰብሳቢዎች ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ ባካበቱት ልምድ የአንድን አሮጌ መሣሪያ ሠሪ፣ ዘመንና ያለፈበትን ለውጥ ከብሎን ቀዳዳ፣ ከሞረድ ፋቅና ከማኅተም የሚለዩበት ዘዴ አዳብረዋል። ይህ መጣጥፍ ዘዴው በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራን በመሰለ የብረታ ብረት ገበያ ለሚያልፉ አሮጌ የጦር መሣሪያ ክፍሎች እንዴት ሊያገለግል እንደሚችል ይመረምራል። የመጣጥፉ ዋና መከራከሪያ ዘዴው ሲወሰድ የዋጋ ሚዛኑ አብሮ መወሰድ የለበትም የሚል ነው። ሰብሳቢው እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ጥገናና ቅያሬ ለኢትዮጵያ ታሪክ ዋነኛው ጽሑፍ ነው። በመጨረሻም ከግዢ ይልቅ ምዝገባን የሚያስቀድም አሠራር ይጠቆማል።

ቁልፍ ቃላት፦ ምን አለሽ ተራ፣ አሮጌ የጦር መሣሪያ፣ የባልጩት ሽጉጥ፣ ረሚንግተን፣ ስናድር፣ ቁሳዊ ቅርስ

1. መግቢያ

ምን አለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። ሸማቹ ሻጭዋን «ምን አለሽ?» ይላታል፤ መልሱ አስቀድሞ አይታወቅም። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ እምብርት የሚገኘው ይህ ተራ ከቤት የወጣ፣ የተሰበረና የተጣለ ዕቃ ዳግም ሕይወት የሚዘራበት ሥፍራ ነው። «ቁራሌው» እያሉ በየመንደሩ የሚዞሩ ሰብሳቢዎች ያመጡት ብረት እዚህ ይመዘናል፣ ይመረጣል፣ ይቆረጣል፣ ይቀጠቀጣል። የመኪና ሞላ መጥረቢያና ቢላዋ ይሆናል፤ በርሜል ምድጃና መጥበሻ ይሆናል።

ለኢኮኖሚው ይህ ሂደት በረከት ነው። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ፈተና አለበት። ብረቱ በሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎ እንጂ ስም የለውም። ከአያት የተወረሰ የጠመንጃ ቱቦ፣ የዛገ ምላጭ ወይም የነሐስ ሰደፍ ጌጥ ከሌላው ውዳቂ ጋር ሲደባለቅ ከየት እንደመጣና ማን እንደያዘው የሚናገረው ቃል አስቀድሞ ይጠፋል። ከዚያ የሚቀረው ቁሱ በራሱ ላይ የያዘው ምልክት ብቻ ነው፤ እሱም እሳት እስኪነካው ድረስ።

ስለ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ የተጻፈው በአብዛኛው በዜና መዋዕል፣ በተጓዦች ማስታወሻና በዲፕሎማሲ ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ነው። እነዚህ ምንጮች ስንት ጠመንጃ እንደገባ ይነግራሉ፤ ከገባ በኋላ ምን እንደደረሰበት ግን እምብዛም አይናገሩም። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው ቁሱ ነው። ስለዚህም የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሁለት ነው፦ ከውዳቂ መካከል የተገኘ አሮጌ የጦር መሣሪያ ክፍል እንዴት ይነበባል? ንባቡስ የሕግንና የገበያን ወሰን ሳይጥስ እንዴት ሊካሄድ ይችላል?

2. የአሜሪካ የባልጩት ሽጉጥና የሰብሳቢዎች ዘዴ

የባልጩት መተኮሻ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፈረንሳይ የተፈጠረ ነው። አሠራሩ ክብሪት ከመምጣቱ በፊት በየቤቱ እሳት ይጫርበት ከነበረው ብልሃት አይርቅም። በመዶሻው አፍ የተነከሰው ባልጩት ምላጩ ሲሳብ በሞላ ጉልበት ተወርውሮ ቆሞ የሚጠብቀውን ብረት ይገጫል፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲገለበጥ ከሥሩ ያለው ትንሽ የባሩድ ሳህን ይከፈታል፤ ፍንጣሪው ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ እሳቱም በጎን ቀዳዳ ወደ ቱቦው ይዘልቃል። ሠራዊቶች ከ1830ዎቹ እስከ 1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካፕሱል መተኮሻ እስኪተኩት ድረስ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አገልግሏል።

የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የሽጉጥ ውል የሰጠው በ1799 እ.ኤ.አ. በኮነቲከት ግዛት በርሊን ይሠሩ ለነበሩት ለሲሚየን ኖርዝና ለኤሊሻ ቼኒ ነው። ሽጉጡ የፈረንሳይን የ1777 ሞዴል የተከተለ ሲሆን በሁለት ውሎች የታዘዘው ብዛት 2,000 ነበር። በመንግሥት የጦር መሣሪያ ማምረቻ የተሠራው የመጀመሪያው ሽጉጥ ደግሞ ከ1806 እስከ 1808 እ.ኤ.አ. በሃርፐርስ ፌሪ የወጣው የ1805 ሞዴል ነው። ኖርዝ በ1813 እ.ኤ.አ. ለ20,000 ሽጉጥ የፈረመው ውል የአንዱ ሽጉጥ ክፍል በሌላው ላይ ያለ ማስተካከያ መግጠም አለበት የሚል ግዴታ ስለያዘ በኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ ልዩ ሥፍራ አለው። የመጨረሻው የ1836 ሞዴል በሮበርት ጆንሰንና በኤሳ ዋተርስ ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ የ1842ቱ ባለ ካፕሱል ሽጉጥ ተከተለ።

ለሰብሳቢዎች ዘዴ መወለድ ምክንያት የሆነው ይህ ሽግግር ነው። በርካታ የባልጩት ሽጉጦች አልተጣሉም፤ ወደ ካፕሱል ተለወጡ። የባሩዱ ሳህንና የሚገጨው ብረት ተነቀለ፤ ቀዳዳቸው ተደፈነ፤ መዶሻው ተቀየረ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ያልተነካ የባልጩት ሽጉጥ ዋጋው ሲያሻቅብ ደግሞ አንዳንዶች የተለወጠውን ወደ ቀድሞ መልኩ እየመለሱ እንደ ጥንቱ አድርገው መሸጥ ጀመሩ። ስለዚህ ሰብሳቢው ሦስት ነገሮችን መለየት ግድ ሆነበት፦ ያልተነካውን፣ በዘመኑ የተለወጠውንና በኋላ የተመለሰውን።

መለያዎቹ ጥቃቅን ናቸው። በጎን ብረቱ ላይ የተደፈነ የብሎን ቀዳዳ ከውጭ ባይታይ ከውስጥ ይታያል። የባሩድ እሳት ለዓመታት የበላው ቀዳዳ ጠርዙ የተሸረሸረ ሲሆን አዲስ የተበሳው ግን ጠርዙ ሹል ነው። የዝገቱ ቀለም በሁሉም ክፍል ላይ አንድ ካልሆነ አንደኛው ክፍል ዘግይቶ የመጣ ነው። ሠሪው በሚገጣጥምበት ጊዜ በውስጥ ክፍሎች ላይ የጫረው ቁጥር ወይም ጭረት እርስ በርሱ ካልተስማማ ክፍሎቹ ከተለያየ መሣሪያ የተሰባሰቡ ናቸው። ማኅተሙ ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ የሚነበብ የመጨረሻው ምስክር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

3. በኢትዮጵያ የተደራረቡት የመሣሪያ ዘመናት

ዘዴው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የሚያገኘው ሌላ ዓይነት የዘመን ድርድር ነው። በ1541 እ.ኤ.አ. በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት የመጡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያንም ሆኑ ከእነርሱ ጋር የተዋጉት የግራኝ አሕመድ ነፍጠኞች የያዙት በሚጤስ ፈትል የሚተኮስ ነፍጥ ነበር። ይኸው ባለ ፈትል ነፍጥ እስከ ዘመነ መሳፍንት ዘልቋል። በሌላው ዓለም ሁለት መቶ ዓመት የገዛው የባልጩት መተኮሻ በኢትዮጵያ ሰፊ ዘመን አላገኘም፤ ከፈትል ወደ ካፕሱል የተደረገው ሽግግር ፈጣን ነበር። የካፒቴን ሃሪስ ልዑክ በ1841 እ.ኤ.አ. ለሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ ሲያበረክት የእንግሊዝ ሠራዊት ራሱ ከባልጩት ወደ ካፕሱል በመሸጋገር ላይ ነበር። በአንኮበር አካባቢ የሚገኝ የዚያ ዘመን የጎን ብረት የተነቀለ የባሩድ ሳህን ቀዳዳ ያለው መሆን አለመሆኑ ስለዚህ ተራ ጥያቄ አይደለም።

ቀጣዩ ምዕራፍ የሚከፈተው በመቅደላ ነው። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ከኋላው የሚጎርሰውን ስናድር ይዞ ሲመጣ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር የያዙት። ስናድር በመጀመሪያ አዲስ መሣሪያ አልነበረም። በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው የ1853ቱ ኤንፊልድ ኋላው ተቆርጦ መክፈቻ የተገጠመለት ነው። የመክፈቻው ፈልሳፊ ጄኮብ ስናይደር አሜሪካዊ ሲሆን ስሙ በአማርኛ አፍ «ስናድር» ሆኖ ቀረ። ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ፣ ለኋላው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መድፎችና ወደ 850 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ትቶላቸዋል።

ሁለተኛው የአሜሪካ ስም የገባው በጦር ሜዳ ነው። በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ ደግሞ በጉራዕ የተሸነፈው የግብፅ ሠራዊት የታጠቀው በኒውዮርክ ግዛት ኢልየን የተሠራውን ረሚንግተን ነበር። በጉራዕ የግብፁን ጦር ከመሩት መኮንኖች መካከል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉት ዊሊያም ሎሪንግ ይገኙበት ነበር። ድሉ የዐፄ ዮሐንስን ሠራዊት በሺዎች በሚቆጠር ረሚንግተን አስታጠቀ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ ላይ ሲዘምቱ በተከታዮቻቸው እጅ የነበረው ይኸው መሣሪያ ነው።

በዚያው ዓመት ገጣሚው አርተር ራምቦ ወደ ሸዋ ያመጣው ጭነት የዘመኑን ንግድ ጠባይ ያሳያል፤ 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት። አውሮፓ የጣለችው ካፕሱልና የዘመኑ ጥይት በአንድ ሲራራ ይጓዙ ነበር። በ1890 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት ደግሞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን እስከ 20ኛው፣ በስተደቡብ እስከ 22ኛው መስመር ባለው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ሲከለክል ቱቦው ጥምዝ የሌለውን የባልጩት ጠመንጃ ግን ከክልከላው ለይቶ ተወው። በአውሮፓ ሠራዊት ዘንድ ከሃምሳ ዓመት በፊት ያረጀው መሣሪያ ለአፍሪካዊ የሚበቃ ተደርጎ ተቆጠረ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው ሠራዊት ረሚንግተን፣ ውጅግራና ወጨፎ የያዘ መሆኑ የዚህ ሚዛን መልስ ነው።

ቋንቋው ራሱ ይህን ድርድር መዝግቦታል። «ውጅግራ» የፈረንሳዩ የ1874 የግራ ጠመንጃ ስም ነው፤ «ወጨፎ» የስዊሱ ቬተርሊ መጠሪያ ሲሆን «ለበን» ከፈረንሳዩ ለበል መጥቷል። «ሽጉጥ» ግን ባዕድ ስም አይደለም። ከ«ሸጎጠ» የወጣ፣ መሣሪያውን በሠሪው ሳይሆን በአያያዙ የሰየመ የአገር ቃል ነው።

4. ንባቡ እንዴት ይካሄዳል?

ከውዳቂ መካከል የተገኘ ክፍል ምንም ከመደረጉ በፊት የደኅንነት ጥያቄ ይቀድማል። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ባሩዱን በቱቦው ውስጥ እንደያዘ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ባሩድም ደረቅ እስከሆነ ድረስ ኃይሉን አያጣም። ስለዚህ ኋላው የተደፈነ ቱቦ መቀጥቀጥም ሆነ በእሳት ማሞቅ ለሕይወት አደገኛ ነው። የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቶ የገባውን ርዝመት ከቱቦው ውጫዊ ርዝመት ጋር ማነጻጸር ውስጡ ባዶ መሆን አለመሆኑን ይጠቁማል። ይህም ቢሆን አፈሙዙን ወደማንም ሳያዞሩ መደረግ ያለበት ሲሆን የተጠራጠረ ሰው መሣሪያውን ለባለሙያ መተው አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት ብዙውን ግምት ያጠብባል። የስናድር 14.7 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአብዛኛው የአሜሪካ የባልጩት ሽጉጥ 13.7፣ የውጅግራ 11፣ የወጨፎ 10.4፣ የለበን 8 ሚሊ ሜትር ነው። ይሁንና ልኬት ብቻውን አይበቃም። የግብፁ ረሚንግተን ስፋት ከውጅግራ ብዙ ስለማይርቅ ዝገት የበላው ቱቦ ሁለቱንም ሊመስል ይችላል። የሚለያቸው የኋላ መክፈቻው ነው፦ ውጅግራ እንደ በር መወርወሪያ የሚገፋና የሚሳብ ሲሆን ረሚንግተን ግን በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚገለበጥ ድፍን ብረት አለው።

ሦስተኛው ማኅተም ነው። በረሚንግተን ላይ ከመክፈቻው በስተኋላ ባለው ብረት የኢልየን ስምና የፓተንት ቀኖች ይገኛሉ፤ ከግብፅ የተማረኩት ብዙዎቹ በተጨማሪ የዓረብኛ ጽሑፍ አላቸው። ማኅተምም ቢሆን ትችት ያስፈልገዋል። ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላኩት፣ ንጉሠ ነገሥቱም በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዘመኑ ምስክሮች በተመዘገበው ንባብ መሠረት በሽጉጡ ላይ የተቀረጸው ለቆንስል ፕላውደን ስለተደረገው ቸርነት ምስጋና ሲሆን ዓመቱ 1854 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተቀባዩም ንጉሠ ነገሥት ተብለዋል። ቴዎድሮስ ግን የነገሡት በየካቲት 1855 እ.ኤ.አ. ነው። ጽሑፉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ዓመቱ ስጦታው የተቀረጸበት ሳይሆን የተመሰገነው ሥራ የተሠራበት ሊሆን እንደሚችል ያሳስባል። በብረት ላይ የተጻፈ ሁሉ የብረቱ የልደት ቀን አይደለም።

አራተኛውና ዋነኛው ጥገና ነው። የአሜሪካው ሰብሳቢ የተቀየረ ሰደፍ፣ በቆዳ የተጠፈረ ስንጥቅ ወይም በእጅ የተቀጠቀጠ ምትክ ሞላ ሲያይ ዋጋ ይቀንሳል። ለኢትዮጵያ ታሪክ ግን እነዚህ የቱ ሠራተኛ፣ በየትኛው ብልሃት፣ ምን ሳይኖረው መሣሪያውን እንዳኖረው ይመሰክራሉ። በወይራ እንጨት የተተካ ሰደፍ ጠመንጃው ኢልየን የተወለደ ቢሆንም በኢትዮጵያ የኖረ መሆኑን ይናገራል። ዳግመኛ ባሩድና እርሳስ የተሞላ ቀለህም እንዲሁ ነው። ጥይት በአንዳንድ አካባቢ ከአሞሌ ጎን እንደ መገበያያ ገንዘብ ያገለግል ስለነበር የአንድ ቀለህ ዕድሜ ከአንድ ተኩስ ይረዝማል።

ጥገናን ማንበብ የምን አለሽ ተራን ሥፍራም ይለውጣል። ከቅርስ ጥበቃ አንጻር ተራው ጥፋት የሚፈጸምበት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ ብረት ካቀለጡት ጀምሮ የተሰበረ መተኮሻ ሲጠግን የኖረው የቀጥቃጭ ጥበብ ዛሬ በአደባባይ ሲሠራ የሚታየው እዚህ ነው። ከመኪና ሞላ ቢላዋ የሚያወጣ ሠራተኛ የአንድ አሮጌ የጠመንጃ ሞላ እንዴት እንደተሠራ፣ ተሞቆ በምን እንደቀዘቀዘ ከየትኛውም የመዝገብ ቤት ሰነድ የተሻለ ሊያስረዳ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪው ወደ ተራው የሚሄደው ዕቃ ለመፈለግ ብቻ ሳይሆን ዓይን ለመዋስም መሆን አለበት።

5. ሕግ፣ ገበያና የተመራማሪው ወሰን

በአሜሪካ የባልጩት ሽጉጥ መሰብሰብ ጨረታ፣ ማኅበርና ካታሎግ ያለው የታወቀ ተግባር ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በሁለት ሕጎች መካከል ይወድቃል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መነገድንና መጠገንን ይከለክላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ የታሪክ ፋይዳ ያላቸው ቁሶች እንዲመዘገቡና እንዲጠበቁ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጡ ያዝዛል። አንደኛው ሕግ መሣሪያውን እንደ አደጋ፣ ሁለተኛው እንደ ሀብት ያየዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የዛገ ቱቦ በእጁ የገባ ብረት ነጋዴ ግን የመጀመሪያውን ፈርቶ ቶሎ ቢቆርጠው ለሁለተኛው የሚተርፍ አይኖርም።

ግዢ መፍትሔ አይሆንም። ተመራማሪ ወይም ሰብሳቢ ለአሮጌ መሣሪያ ዋጋ ሲሰጥ ገበያ ይፈጥራል፤ ገበያም የሚፈለገውን ያመጣል። የአሜሪካው ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ያልተነካ የባልጩት ሽጉጥ ሲወደድ «ያልተነካ» እየተሠራ መጣ። እንዲህ ያለ ፍላጎት እዚህ ቢነሳ ከየቤቱና ከየገዳሙ የሚወጣው ብቻ ሳይሆን ጥገናው ተፍቆ እንደ አዲስ የሚቀርበውም ይበዛል። የሚፋቀው ደግሞ ከላይ ዋነኛው ጽሑፍ የተባለው ነው።

የሚሻለው ምዝገባ ነው። ዕቃው ሳይገዛና ከቦታው ሳይነሳ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ መለካት፣ ማኅተሙን መገልበጥ፣ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ የሚያስታውስ ካለ ቃሉን ወዲያው መጻፍ ይቻላል። ዝገቱን መፋቅና ዘይት መቀባት አይገባም፤ ማኅተሙ ያለው ብዙ ጊዜ በዝገቱ ሥር ነው። የሻጩ ስም በመዝገቡ ውስጥ መግባት የለበትም። የሚተኮስ መሣሪያ ከተገኘ ጉዳዩ የሕግ አስከባሪዎች ነው። የማይተኮስ ሆኖ የታሪክ ምልክት ያለበት ክፍል ሲገኝ ግን ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚደርስበት መንገድ ለነጋዴው አስቀድሞ ግልጽ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እንዲህ ላለው መዝገብ ተፈጥሯዊ ማረፊያ ይሆናሉ።

6. ማጠቃለያ

የአሜሪካ የባልጩት ሽጉጥ ሰብሳቢዎች ያስተማሩት ትልቁ ነገር አንድ ትንሽ የተደፈነ ቀዳዳ የመሣሪያን የሕይወት ታሪክ ሊሸከም እንደሚችል ነው። ይህ ትምህርት በኢትዮጵያ የሚጠቅመው ግን ሚዛኑ ሲገለበጥ ነው። እዚያ የሚፈለገው ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረው ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ከፋብሪካ ወጥቶ በብዙ እጅ ያለፈው ነው። ኢልየን ተሠርቶ፣ በግብፅ ወታደር ትከሻ መጥቶ፣ በጉራዕ ተማርኮ፣ በአገር ቀጥቃጭ ተጠግኖ የኖረ አንድ ረሚንግተን በአራት ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ያህል ነው።

ይህ ሰነድ ወደ ሚዛን የሚቀርብበት ቀን አስቀድሞ አይታወቅም። ምን አለሽ ተራ በየዕለቱ ጥያቄዋን ትጠይቃለች፤ መልሱን የሚመዘግብ ሰው ከቀጥቃጩ መዶሻ ቀድሞ ካልደረሰ መልሱ መጥረቢያ ይሆናል። መጥረቢያው ለገበሬው ይጠቅማል። ከመሆኑ በፊት የሚወሰደው የአሥር ደቂቃ ልኬትና ሁለት ፎቶግራፍ ደግሞ ገበሬውን ምንም ሳያጎድል ለታሪክ ይተርፋል።